ፎቅ የወጣው ባቡር

ባቡሩን ፎቅ ሊያወጣ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ጣውላ ነው። ነገሩ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው፤ መጀመሪያ መግዛት የነበረበት ፀሐይ ነውና። የማወራው ስለ ዋናው ባቡር አይደለም። ዋናው ባቡር ፀሐይን በነጻ ያገኛል፤ ፎቅ የመውጣት አምሮትም የለበትም። የማወራው ከዋናው 87 ጊዜ ስለሚያንሰው፣ በሁለቱ ሐዲዶቹ መካከል 16.5 ሚሊሜትር ብቻ ስላለው፣ አሜሪካውያን አባወራዎች በየምድር ቤታቸው ስለሚዘረጉት ባቡር ነው። መጫወቻ ነው ብሎ ለማለፍ የሚቸኩል አይጠፋም፤ ትንሽ ይታገሥ። ይህ መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1934 ሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተ የራሱ መጽሔት አለው፤ በ1935 ደግሞ እዚያው ከተማ ብሔራዊ ማኅበር ተቋቁሞለታል። ማኅበሩ የመንኮራኩሩ ጠርዝ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ሳይቀር ደንብ ስላወጣ፣ አንዱ የገዛው ፉርጎ በሌላው ሰው ሐዲድ ላይ ሳይወድቅ ይሄዳል። ይህን ያህል የተስማሙ ትልልቅ ሰዎች በሌላ ጉዳይ ላይ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ለመሆኑ ባቡር ለምን ፎቅ ይወጣል? ምክንያቱ የሒሳብ ነው። አንድ ማይል ለ87 ሲካፈል 18 ሜትር ተኩል ይሆናል። ርዝመቱ 9፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ምድር ቤት ያለው ሰው (ይህ በአሜሪካም ቢሆን የተከበረ ምድር ቤት ነው) ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ሐዲድ ቢዘረጋ የሚያገኘው 30 ሜትር ነው። በትንሹ ዓለም ሚዛን ሲሰላ አንድ ማይል ተኩልን አለፍ ቢል ነው። በሌላ በኩል አንድ የጭነት ባቡር ሃያ ፉርጎና ሁለት ሎኮሞቲቭ ካለው 4 ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚህ ዙሪያ ላይ አምስት ከተማ የቆረቆረ ሰው እንግዲህ ባቡሩ ጭራው ከአንዱ ጣቢያ ሳይወጣ ግንባሩ ሌላው ጣቢያ ደጃፍ ላይ ይደርስበታል። ተሳፋሪ ቢኖር ኖሮ ከኋላኛው ፉርጎ ተሳፍሮ፣ ውስጥ ለውስጥ በእግሩ ሄዶ፣ ከፊተኛው ቢወርድ ባቡሩ መንቀሳቀስም አያስፈልገውም ነበር። ቤቱን ማስፋት የባንክ ጉዳይ ነው፤ ጎረቤትም አጥሩን አያፈገፍግም። ስለዚህ ሰውዬው ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። ከወለል እስከ ኮርኒስ 2 ሜትር ከምናምን ባዶ አየር ቆሞ፣ ወር በመጣ ቁጥር የቤት ዕዳ ይከፈልበታል። ከመጀመሪያው መደብ በላይ ሌላ መደብ ቢሰቀልስ? በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ይህን ቢሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቤዝመንቱ ቢከራይ በወር ስንት ያወጣ እንደነበር ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብቻ ለባቡር ሰው አይቀርብም።

እዚህ ላይ አዲስ አበቤ ለአሜሪካዊው የሚያስተምረው ነገር አለው። በጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ ቆጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ቆጥ ሲሠራ አንድ ተጨማሪ መኝታ ይገኛል፣ ከመኝታው ሥር ደግሞ አንድ ጨለማ ክፍል ሳይፈለግ አብሮ ይመጣል። ላይ የተኛው አፍንጫው ከኮርኒሱ እየታከከ ያድራል፤ ታች ያለው በጠራራ ፀሐይ አምፖል ያበራል። ተረቱ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል፤ የኛ ሰውዬ ደግሞ ቆጡን እሰቅላለሁ ብሎ የመደቡን ያጣል። ባለ ሁለት ፎቅ ሞዴል ሲታሰብ የሚረሳው ይኸው ነው። ሁለተኛውን ፎቅ ሠሪው በወረቀት ላይ የሚያየው እንደ ተጨማሪ 30 ሜትር ሐዲድ ነው፤ ታችኛው ፎቅ ግን የሚያየው እንደ ክዳን ነው። ስለዚህ ክርክሬ አጭር ነው። የላይኛው ፎቅ ከፍታም፣ ወርድም፣ ውፍረትም ሊወሰን የሚገባው በመብራቱ ነው፤ ጣውላው መብራቱን ይከተል። ብዙው ሠሪ ግን መደቡን ሰቅሎ፣ ሐዲዱን አንጥፎ፣ ተራራውን ቀብቶ ካበቃ በኋላ ነው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አምፖሉን የት እንደሚያደርገው ማሰብ የሚጀምረው።

ቁጥሩን እንየው። ቆሞ ባቡር የሚነዳ ጎልማሳ ዓይኑ ከወለሉ 1 ሜትር ከ60 አካባቢ ላይ ነው። ላይኛው ፎቅ ከ1 ሜትር ከ45 ብዙ ከፍ ካለ፣ አጠር ያለ ሰው ጣቢያውን ትቶ የጣውላውን ጠርዝ ሲመለከት ይውላል። ታችኛው ከ1 ሜትር ብዙ ዝቅ ካለ ደግሞ ረጅሙ ሰው ወገቡን ይዞ ይወጣል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው እንግዲህ 45 ሴንቲሜትር ነው፤ እሱም ከሐዲድ እስከ ሐዲድ ሲለካ። አሁን ተቀናሹን ቁጠሩ። አሜሪካኖች አንድ በአራት የሚሉት ጣውላ (ስሙ በኢንች አንድ በአራት ይሁን እንጂ ተልጎ ሲሸጥ 19 በ89 ሚሊሜትር ነው፤ ነጋዴ የትም ነጋዴ ነው) በጠርዙ ቆሞ ሲገጠም 9 ሴንቲሜትር ይወስዳል። በላዩ ላይ የሚነጠፈው ኮምፔንሳቶ አንድ ተኩል፣ ከሐዲዱ ሥር የሚገባው ቡሽ ግማሽ ይጨምራል፤ 11 ሞላ። ከሥር ደግሞ የሐዲድ መቀየሪያ ሞተሮችና የሽቦ ጥቅል ይንጠለጠላሉ፤ መብራቱ ራሱም መቀመጫ ይፈልጋል። 45 ተብሎ የተጀመረው 30 ላይ ያርፋል። በዚህ 30 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው ተራራ፣ ሰማይ፣ ደመናና የኦሃዮ የበቆሎ ማሳ ይገባሉ ተብሎ የሚጠበቀው።

የእንጨቱ ሥራ ባለሙያ ያጣ አይምሰላችሁ። ሊን ዌስትኮት ከ1961 እስከ 1977 የዚያ የሚልዋኪ መጽሔት ዋና አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። ለሞዴል ባቡር መደብ አሠራር ያመጣው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ሁለት ጣውላ በላቲኑ ኤል ቅርጽ ይጋጠምና ማገር ይሆናል፤ አግዳሚዎቹ በማገሩ ላይ ይጋደሙና ብሎናቸው ከሥር በኩል ይጠብቃል። ከሥር በመጥበቁ፣ ከዓመታት በኋላ አንድ አግዳሚ ለሞተር ቦታ ካልለቀቀ፣ በላዩ ያለውን ከተማ ሳያፈርሱ አግዳሚውን ፈትቶ ወደ ጎን ማንሸራተት ይቻላል። ማንም አናጺ ቆብ የሚያነሣለት ብልሃት ነው። ግን ደርቡን ቁጠሩት፤ ማገር፣ በማገሩ ላይ አግዳሚ፣ በአግዳሚው ላይ ቋሚ፣ በቋሚው ላይ ኮምፔንሳቶ። ያለችግር 20 ሴንቲሜትር ያልፋል። ለአንድ ፎቅ ከዚህ የተሻለ መደብ እምብዛም የለም፤ ለሁለተኛ ፎቅ ግን ይህ መደብ የታችኛውን ሰማይ ግማሹን ይወስዳል። ጥሩ አናጺነት የሚያስቀጣበት ቦታ ቢኖር ይኼ ነው። ስለዚህ ላይኛው ፎቅ የሚሻው ቀጭን ነገር ነው፤ በአሜሪካ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ በየ40 ሴንቲሜትሩ በሚቆሙት እንጨቶች ላይ የሚታሰር የብረት ክንድ፣ በክንዱ ላይ ለቤት ሙቀት መጠበቂያ የሚሸጠው 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ፎም። ተደምሮ 6 ወይም 7 ሴንቲሜትር ነው። የአናጺ ዓይን አይሞላም፤ ሲነኩትም እንደ ዌስትኮት መደብ አይደነድንም። የተረፈው 4 ሴንቲሜትር ግን ሙሉ በሙሉ ለመብራቱ ይሰጣል፤ መብራቱ ያዘነበለበት ማዕዘን የሚስተካከለውም በዚያች 4 ሴንቲሜትር ነው።

ማዕዘኑ ያን ያህል ለምን ይታሰብለታል? መብራቱን ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ብታደርጉት ባቡሩ ጥቁር ጥላ ሆኖ ያልፋል። ከሐዲዱ አናት ቀጥታ ብታደርጉት የፉርጎው ጣሪያ ይንቦገቦጋል፤ ሰው የሚያየው ግን ጎኑን ነው፣ የኩባንያው ስም የተጻፈውም እዚያ ነው። የቀረው የፊቱ ጠርዝ ነው። መብራቱ ከላይኛው ፎቅ ከንፈር ሥር ገብቶ፣ ዓይን እንዳይወጋ ትንሽ ከለላ ከፊቱ ተደርጎለት፣ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ይህ ትክክለኛው ቦታ ነው፤ ሆኖም ሂሳብ ያስከፍላል። ከለላው ከ30 ሴንቲሜትሯ ላይ ሌላ 4 ወይም 5 ይቆርጣል። አምፖሎቹ ተራርቀው ከተቀመጡ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ጥላ ይጥላል፤ አንድ የስልክ እንጨት በአራት አቅጣጫ አራት ጥላ ይዞ ይቆማል። ይህ በኦሃዮ ቀርቶ በጁፒተርም አይታይም። የባቡሩ ጥላ ከበስተኋላ በተሳለው ደመና ላይ ሲሄድ ማየትም አለ። ደመናው 40 ኪሎ ሜትር ርቆ እንዲታይ ሠዓሊው ስንት ቀን ለፍቶበታል፤ አንድ የድንጋይ ከሰል ፉርጎ በጥላው ሲዳስሰው ግን ደመናው ግድግዳ መሆኑ ያኔ ይጋለጣል።

ወርዱም እንደዚሁ ነው፤ ክርክሩ የሚጠናውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ላይኛው ፎቅ ከታችኛው ጠበብ ይበል የሚባል ምክር አለ፤ ለምሳሌ ታችኛው 60 ሴንቲሜትር ከሆነ ላይኛው 40። ምክሩ በቂ ምክንያት አለው። ጎንበስ ያለ ሰው ግንባሩን አይመታም፣ ክንዱም እስከ ግድግዳው ይደርሳል፣ ታችኛውም በደንብ ይታያል። ነገር ግን የላይኛው ከንፈር 20 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ባፈገፈገ ቁጥር መብራቱም አብሮ ያፈገፍጋል። አሁን መብራቱ ያለው ከታችኛው ፎቅ ጠርዝ ወደ መሐል ገባ ብሎ ነው፤ ከፊት ያለው ዋናው ሐዲድ ብርሃኑን የሚያገኘው ከጀርባው ነው። ተመልካቹ በጨለማ ጎኑ በኩል ቆሟል ማለት ነው። አናጺው ጠባብ ይሁን ሲል መብራቱ ሰፊ ይሁን ይላል። ማን ይሰማ? ጣውላውን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል እንኳ የለውም፤ መልሱን በመጋዝ ሰጥቶታል። መብራቱን ያስቀደመ ሰው ግን ከጠባቡ መደብ ፊት ለፊት ቀጭን የብረት ክንድ አውጥቶ መብራቱን ብቻ ወደ ፊት ያስወጣዋል፤ ወይም ሁለቱን ፎቅ እኩል አድርጎ ከፍታውን በ5 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ የሚመረጠው ግን ከመቁረጥ በፊት ነው።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ ይህ ሁሉ የድሮ ጭንቀት ነው፣ ኤልኢዲ መጥቶ ገላግሎናል ይለኛል። ግማሹ እውነት ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል 60 ዋት ይበላ ነበር፤ 40 አምፖል ያሰለፈ ሰው 2,400 ዋት ያነድ ነበር። እዚያ አገር አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,500 ዋት ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው በሐምሌ ሙቀት ከአንድ ተኩል በላይ ማሞቂያ ለኩሶ ባቡር ይነዳ ነበር ማለት ነው። እንጨቱም ይህን አይወድም። ሐዲድ በድንገት ሲጎብጥ ብዙ ጊዜ የሚታማው ብረቱ ነው፤ ጥፋተኛው ግን አየሩ ሲደርቅ የሚጠበው ጣውላ ነው። ከዚያ የመጣው የፍሎረሰንት ዱላ ቀዝቀዝ አለ፤ ግን ጨረሩ የሣሩንና የቅጠሉን ቀለም ያስለቅቃል፣ ቀጥ ያለ 1 ሜትር ከ20 ስለሆነም በግድግዳው መታጠፊያ ላይ አይታጠፍም። ኤልኢዲው ቀጭን ነው፣ ይታጠፋል፣ 60 ዋቱን ሥራ በ9 ዋት ይሠራል። በዚህ ሁሉ እስማማለሁ።

የማልስማማው ገላግሎናል በሚለው ላይ ነው። በጥቅልል የሚሸጠው ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልትና 5 ሜትር ነው። ደማቁ ዓይነት በሜትር 14.4 ዋት ይወስዳል፤ አንዱ ጥቅልል 72 ዋት፣ 6 አምፔር ማለት ነው። ለ30 ሜትር ዙሪያ ስድስት ጥቅልል ያስፈልጋል፤ 36 አምፔር። ጫፍ ለጫፍ ቀጣጥሎ በአንድ ቀጭን ሽቦ የሚያበራው ሰው መጀመሪያው ላይ ቀትር፣ መጨረሻው ላይ ማታ ያገኛል፤ ኤሌክትሪኩ በስሱ መዳብ ውስጥ ሲጓዝ ይደክማላ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቅልል የራሱ ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል፤ ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ደግሞ በመደቡ ውስጥ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ቀለሙ ሌላ ነገር ነው። ገበያ ላይ ከ2,700 እስከ 6,500 ኬልቪን ያለው ሁሉ ነጭ ተብሎ ይሸጣል። ዘንድሮ ለላይኛው 3,000፣ ከርሞ ለታችኛው በቅናሽ የተገኘ 6,500 ለገዛ ሰው፣ ላይ ጀምበር እየጠለቀች ታች ገና እኩለ ቀን ነው፤ ባቡሩ በአንድ ጉዞ ግማሽ ቀን ያተርፋል። ርካሹ ጥቅልል ቀይን በደንብ አያሳይም፤ የአሜሪካ የጭነት ፉርጎ ደግሞ ለብዙ ዘመን የተቀባው የብረት ዝገት የመሰለ ቀይ ነበር። ባለቤቱ ትክክለኛዋን ቀይ ለማግኘት ስንት የቀለም ቆርቆሮ ቀላቅሏል፤ መብራቱ ሁሉንም ጭቃ አድርጎ ያሳይለታል። ሮድ ስቱዋርት የተባለው እንግሊዛዊ ዘፋኝ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራውን ግዙፍ የሞዴል ከተማ በ2019 ለሕዝብ ሲያሳይ፣ አብዛኛውን በገዛ እጁ እንደሠራው፣ ኤሌክትሪኩን ግን ስለማይችልበት ለሌላ ሰው እንደሰጠ ተናግሯል። ለኮንሰርት ሲዞር ሆቴል ውስጥ ለሞዴሉ ሥራ ተጨማሪ ክፍል የሚይዝ ሰው በጣውላና በቀለም ያልፈራውን በሽቦ ከፈራ፣ ኤልኢዲ ገላግሎናል የሚለው ቆም ብሎ ቢያስብ ይሻላል።

ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ የርዝመት ነው። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፤ ባቡር መንገድ ነው፣ መንገድ ደግሞ ርቀት ነው፤ ትንሽ ጨለማ ለርቀት የሚከፈል ዋጋ ነው። በ2008 ስለ ባለ ብዙ ፎቅ ሞዴል አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያወጣው ቶኒ ኮስተርን የመሳሰሉ ሰዎች ባቡሩን በዙሪያ ሲሽከረከር ለማየት አይደለም የሚሠሩት። በጊዜ ሰሌዳ፣ በትእዛዝ ወረቀት፣ በስምሪት ተቆጣጣሪ እንደ እውነተኛው ያስኬዱታል፤ ለዚያ ደግሞ በጣቢያና በጣቢያ መካከል እውነተኛ ርቀት ያስፈልጋል። ይህን አላጣጥለውም፤ ሁለተኛ ፎቅ የሚያሠራ ምክንያት ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ግን የርቀቱንም ደረሰኝ እንመልከት። ባቡሩ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው በጠመዝማዛ ነው። የጠመዝማዛው ክብ ከመሐሉ እስከ ሐዲዱ 76 ሴንቲሜትር ቢሆን አንዱ ዙር 4 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። ዳገቱ በመቶ 2 ከሆነ በአንድ ዙር የሚወጣው 9 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። 45 ሴንቲሜትር ለመውጣት አምስት ዙር ለትንሽ ጎደል፣ ማለትም 22 ሜትር ተኩል ሐዲድ ይበላል። መታጠፉ ራሱ መንኮራኩሩን ስለሚይዘው በመቶ 2 የተባለው ዳገት ለሎኮሞቲቩ ወደ 3 የተጠጋ ይሆንበታል። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የኛ አሮጌ ሐዲድ ከ2,300 ሜትር በላይ የወጣው በ780 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአማካይ በኪሎ ሜትር 3 ሜትር ገደማ። የምድር ቤቱ ባቡር በኪሎ ሜትር 20 ሜትር ውጣ ነው የሚባለው፤ ያውም እየተሽከረከረ። ባቡሩ በእውነተኛው ሚዛን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በጠመዝማዛው ውስጥ ሦስት ደቂቃ ያህል ይጠፋል። ነጂው ለሦስት ደቂቃ ፊት ለፊቱ ያለውን የተቀባ ሣጥን እያየ ይጠብቃል። 30 ሜትር ለማግኘት 22 ሜትር ተኩል በጨለማ ተከፍሏል፤ ከምድር ቤቱም ጎንና ጎኑ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ማዕዘን ተወስዷል። ርቀት የሚወድ ሰው ይህን ይክፈል፤ ግን ከፍሎ ያመጣውን 30 ሜትር ደግሞ ካላየው ምን ገዛ? ርቀቱን የሚያጠነክረው ክርክር ብርሃኑንም ያጠነክራል፤ ውድ የሆነ ነገር በጨለማ አይቀመጥም።

እውነተኛ ባቡር ሌሊትም ይሄዳል፤ ታችኛውን ፎቅ ሌሊት ብናደርገውስ? ብልጥ መውጫ ነው። ሐምቡርግ ውስጥ በ2001 የተከፈተውን ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የጎበኘ ሰው እዚያ በየ15 ደቂቃው አንድ ቀን ነግቶ እንደሚመሽ ያውቃል። ሲመሽ በየቤቱ መስኮት፣ በየመኪናው ፊትና በየመንገዱ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን መብራቶች ይበራሉ። ሌሊቱ የሚያምረው በእነዚያ መብራቶች ብዛት ነው፤ ሁሉም በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ናቸው። ከቀኑ ይልቅ ሌሊቱ ብዙ ሽቦ ጨርሷል። ስለዚህ ከመብራት ሥራ ለመሸሽ ሌሊትን የመረጠ ሰው ወደ ባሰው የመብራት ሥራ ነው የሸሸው። ያልበራ ሌሊት እኮ ያው ያልተሠራ ሞዴል ነው፤ ጎብኚው በእጅ ስልኩ ባትሪ እየፈለገ ያያል።

ወደ ትንሹ ሚዛን ሂድ የሚለውም ምክር ያው ነው። 160 ጊዜ በሚያንሰው፣ ሐዲዱ 9 ሚሊሜትር በሆነው ባቡር አንድ ማይል 10 ሜትር ብቻ ስለሚሆን ያው 30 ሜትር ሦስት ማይል ይሞላል፤ ፎቅም አያስፈልግም። ለሰው ተፈጥሮ የማይስማማ ምክር ነው። ሦስት ማይል ያገኘ ሰው ስድስት ያምረዋል፤ በትንሹ ሚዛንም ባለ ሁለት ፎቅ ሞልቷል። ያነሰ ነገር ደግሞ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሰዎቹ ራሳቸው የማይወዱት እውነት አለ። ይህ ሥራ ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ ብዙዎቹ የሚሠሩት ጡረታ ሲቃረብ ነው፤ የስድሳ ዓመት ዓይን ደግሞ የሃያ ዓመቱ የሚያስገባውን ብርሃን ያህል አያስገባም። መደቡን ሲሠራ በደንብ ይታየው የነበረው ጥግ፣ ሐዲዱ ሲጠናቀቅ አይታየውም፤ መብራቱ አልደከመም።

ለዚህ ሁሉ ትልቁ ማስረጃ የሚመስለኝ ጆን አለን ነው። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ከተማ ምድር ቤቱ ውስጥ ተራራውን ከወለል እስከ ኮርኒስ ያቆመው ይህ ሰው በሙያው ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በጥር 1973 ሞተ፤ በቀናት ውስጥ ሞዴሉም በእሳት ወደመ። ማገሩ ሄደ፣ ሐዲዱ ሄደ፣ ድልድዩ ሄደ። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ግን ሰዎች ስለዚያ ሞዴል ይነጋገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሊመስሉት ይሞክራሉ፤ የሚያውቁት ደግሞ በአብዛኛው እሱ ካነሣቸው ፎቶግራፎች ነው። ከእንጨቱና ከብርሃኑ የትኛው ጸንቶ እንደቀረ ቁጭ ብሎ ማስላት አያሻም። በርግጥ እንጨቱ ባይኖር ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገርም አይኖርም ነበር የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፤ እኔም እንጨት ይቅር አላልኩም፣ ወረፋ ይጠብቅ ነው ያልኩት።

ወረፋ አስጠባቂው ዘዴ ደግሞ ርካሽ ነው። ከመጋዙ በፊት 1 ሜትር ርዝመት ያለው ካርቶን በታሰበው ከፍታ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ሌላው ካርቶን ከሥሩ ይነጠፍ፤ አንድ ጥቅልል ኤልኢዲ ከላይኛው ከንፈር ሥር በፕላስተር ይያዝ፤ ሁለት ፉርጎ ታች ይቁም። ከዚያ ሰውዬው ቆሞም፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦም ያያል፤ አጭር ጎረቤት ካለው ይጠራል፣ ረጅም አማች ካለው ይጠራል። የላይኛውን ካርቶን ሆድ ነጭ ቀለም ቢቀባው ብርሃኑ ተንጸባርቆ ጥጉን ሲያነጣው ይታዘባል፤ ይህን ያህል በትንሽ ቀለም የሚገኝ ትርፍ በዚህ ሥራ ውስጥ ሌላ የለም። ካርቶኑን በየ2 ሴንቲሜትሩ ከፍና ዝቅ እያደረገ ዓይኑ እሺ ያለበት ላይ ምልክት ያደርጋል። ውሃ ልኩ፣ ቱንቢው፣ መጋዙ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምድር ቤቱ ሰው የሚቆርጠው ጣውላ ምን ያህል መሆን እንዳለበት በብርሃን የተጻፈ ልኬት በእጁ አለ።

ሁለት ፎቅ ከተሳካለት በኋላ ሦስተኛውን የማያስብ ሰው ግን እምብዛም ነው። ስሌቱ እንደገና ይጀመራል፤ ታችኛው 75 ሴንቲሜትር፣ መካከለኛው 1 ሜትር ከ15፣ ላይኛው 1 ሜትር ከ55። ታችኛውን የሚነዳው ሰው በተሽከርካሪ በርጩማ ተቀምጦ ከጣቢያ ጣቢያ ይንሸራተታል፤ ላይኛውን የሚነዳው መወጣጫ ላይ ቆሞ በየከተማው ይወርድና መወጣጫውን ገፍቶ እንደገና ይወጣል፤ መካከለኛውን የሚነዳው በሁለቱ መሐል ሆዱን ሰብስቦ ያልፋል። መተላለፊያው 75 ሴንቲሜትር ነው፤ የሦስቱም ባቡር መነሻ ሰዓት አንድ ነው።